ወተቴ ተጠርቶ እኔ የቀረሁበት ሰርግ

ሰርግ ያልተጠራ ሰው ሰርጉን ከተጠሩት ሁሉ አብልጦ ያውቀዋል። የተጠራው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨፍራል። ያልተጠራው ግን ያያል። ይህን የምጽፈው ያየሁትን ለመናገር ነው። «ሉባባ አሁንም ቂሟን አልጣለችም» የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ይበሉ። አልጣልኩም።

ቤቴ ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነው። ባሌ ሲሞት ይህችን ቤትና የወተት ላሞቹን ትቶልኝ ሄደ። ልጅ አልወለድንም፤ የአላህ ፈቃድ ነው። የባሌ እህት መሬማ ግን የአላህን ፈቃድ የእኔ ጥፋት አድርጋ ቆጠረችው። ሐዘኑ ሳይወጣ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ እኔ እየሰማሁ «ልጅ ካልወለደች ከእንግዲህ ከእኛ ጋር ምን ያገናኛታል?» አለች። አንድም ሰው ዝም በይ አላላትም።

ከዚያ ወዲህ በመሃላችን የቅንጭብ አጥር ብቻ እያለ እንደ ሩቅ አገር ሰው ኖርን። ለቅሶ ሲሆን ሰው ስለሚታዘብ አብረን እንቀመጣለን። ደስታ ሲሆን ግን የእኔን በር የሚያንኳኳ የለም። እኔም ደጃቸውን አልረገጥኩም። ወተቴን እሸጣለሁ፣ ሶላቴን እሰግዳለሁ፣ አፌን እዘጋለሁ። እንዲህ ነበርኩ።

ያን ዓመት ከኢድ በኋላ፣ በሸዋል ወር፣ የበልጉ ዝናብ በረታ። ቦርከና ሞልቶ ከግርጌያችን ያለውን ማሳ ውሃ አለበሰው። የመንደሩ ቦኖም ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ይጠገናል እየተባለ ቆየ፤ አቅም ያለው ውሃውን ከከሚሴ በባጃጅ ያስመጣል። መሬማ የመጨረሻ ልጇን የምትድረው በዚያ ሰሞን ነበር። ሙሽራዋ የባቲ ልጅ ናት። ሰፈሩ ሁሉ ተጠራ። ያልተጠራነው እኔና ላሞቼ ነን። ይቅርታ፣ ላሞቼስ ተጠርተዋል። በሰርጉ ዋዜማ ጎረቤታችን ፋጤ ቅል ይዛ መጣች።

«ሉባባ፣ እርጎ ፈልጌ ነው።»

«ለማን?»

መሬት መሬት አየች። «ለሰርጉ። ለሽማግሌዎቹ ነው። መሬማ እርጎ ከሉባባ ቤት ካልሆነ አይሆንም አለች።»

«እርጎው በየት በኩል ነው የሚገባው? በበሩ ወይስ በአጥሩ ቀዳዳ?»

«ኧረ ተይ ሉባባ!» ብላ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሰጠኋት። ወተቴ ተጠራ፣ እኔ ቀረሁ።

የሰርጉ ቀን ለላሞቼ ሣር አጭዳለሁ ብዬ ወደ አጥሩ ወጣሁ። ሣሩን ያጨድኩት ጠዋት ነው። ከዚያ በኋላ እዚያው ቆሜ ዋልኩ። የወንዶቹ ድንኳን ከፊት፣ የሴቶቹ ከጓሮ በኩል ነበር። ሽማግሌዎቹ እርጎዬን በዋንጫ እየተቀበሉ ሲመርቁ ሰማሁ። ለወንዶቹ አንድ፣ ለሴቶቹ አንድ በርሜል ቀሪቦ ተደርድሯል። ከተቆላ ገብስ የሚፈላው፣ በስኳር የሚጣፍጠው መጠጣችን መሆኑን ታውቁታላችሁ። ከዙሁር ሶላት በኋላ የባቲ እንግዶች ከተጠበቀው በላይ ሆነው ሲመጡ የሴቶቹ በርሜል ወዲያው ተንጠፈጠፈ። ፋጤ ቢጫ ጀሪካኖች ይዛ በጓሮ በኩል ቁልቁል ወረደች፤ ተመልሳም ያመጣችውን በርሜሉ ውስጥ በቀረው ዝቃጭ ላይ ገለበጠች፣ ስኳር ጨምራም አማሰለችው። እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «መሬማ ድግሷ ጎደለ!» ደስ አለኝ። ከየት እንደተቀዳ ልብ ብዬ አላሰብኩም። ወደ ታች ያለው ግን አሮጌው የውሃ ጉድጓድ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሴቶቹ መታመም ጀመሩ። ማስመለስ፣ እንደ ውሃ የሚወርድ ተቅማጥ። መጀመሪያ «ሥጋው ከብዷቸው ነው» ተባለ። ከዚያ ሕፃናት ተከተሉ። ከዚያ ሙሽራዋ ራሷ የጫጉላዋ ጊዜ ሳያልቅ በባጃጅ ተጭና ጤና ጣቢያ ተወሰደች። ጉሉኮስ ተሰክቶላት ተኝታለች፣ ዓይኗ ጎድጉዷል ሲሉ ሰማሁ። መሬማ ራሷ አልታመመችም፤ ስታስተናግድ ውላ ጉሮሮዋን ለማርጠብ እንኳ አልተቀመጠችም። ነገር ግን ጤነኛ አፍ አላትና ተናገረች።

«ከውጭ የገባ አንድ ነገር ነው ያለው፤ እርጎዋ! ቅናቷን በእርጎ አድርጋ ላከችልን።»

ወሬው ከእኔ በፊት ገበያ ደረሰ። ወተት የሚወስዱብኝ ቤቶች በራቸውን ዘጉ። አንዷ በመስኮት ሆና፣ «ዛሬ አንፈልግም፣ ነገም አንፈልግም» አለችኝ። «እኔም ከዚያው ወተት ጠጥቻለሁ፣ ይኸው ቆሜያለሁ» ብል፣ መሬማ «እባብ በገዛ መርዙ አይሞትም» አለች ተባለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሰኞ በጤና ኬላው ግቢ ስብሰባ ጠራ። ጉዳዩ እኔ ነበርኩ። ላሞቼ ከሰፈሩ ይውጡ የሚል ስሞታ ገብቷል። ላሞቼ ከወጡ እኔ በምን እኖራለሁ? እኔንም ውጪ ማለታቸው ነው።

እሁድ ዕለት አንዲት ሴት በራፌ ላይ ቆመች። ወጣት ናት፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«አካም ቡልተን፣ አዴ ሉባባ?» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ እናቴ አለችኝ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው» አልኩ በአጭሩ።

ሃያት እባላለሁ አለች፤ ከዞን የመጣች የበሽታ ቅኝት ባለሙያ። ግቢ ሳልላት ገብታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ወተቴን ልታስደፊ ነው የመጣሽ?»

«ገና አላወቅኩም።»

«ሰፈሩ አውቋል እኮ።»

«ሰፈሩ የታመሙትን ብቻ ነው የጠየቀው። እኔ ያልታመሙትንም እየጠየቅኩ ነው የምዞረው።»

ተናደድኩ። «ጤነኛን ምን አድርገሽ ትጠይቂዋለሽ? ሥራ ፈተሻል?»

ሳቀች፤ አልከፋትም። «አዴ፣ የታመሙት ሁሉ ሩዝ በልተዋል። ሩዙ ነው እንበል? ያልታመሙትም በልተውታል። ስለዚህ ሩዙን ተውኩት። የታመሙት ያደረጉት፣ ጤነኞቹ ግን ያላደረጉት አንድ ነገር ይኖራል። የታመመ ብቻ ብጠይቅ እሱን እንዴት አገኘዋለሁ? ማን ታመመ፣ የት ነበረ፣ መቼ ጀመረው፤ ሥራዬ ይኸው ነው።» ቀጥላ ጠየቀች፣ «አንቱስ ሰርጉ ላይ ምን ጠጡ?»

እንደ ቢላ ነበር። «አልተጠራሁም» አልኩ።

ወደ እኔ ዞረች። «ታዲያ አንቱ ለእኔ በጣም ይጠቅሙኛል።»

በዕድሜዬ ሰው ባለመጠራቴ እጠቅማለሁ ብሎኝ አያውቅም። ስለዚህ የበለጠ ጠረጠርኳት።

«ቀኑን የት ዋሉ?»

«ቤቴ።»

«ከአጥሩ ማዶ ምንም አላዩም?»

«የሰው ጓሮ የማይ ሴት አይደለሁም!»

አየችኝ። ወደ ቅንጭቡ ዞራም አየች፤ በእግሬ የተረገጠውን ሣር አየች። «ነገ ስብሰባው ላይ ይምጡ። አብሽሩ» ብላኝ ሄደች።

እሷ ከወጣች ብዙም ሳይቆይ ፋጤ ሮጣ መጣች። «አባ ይማም ታመሙ!»

አባ ይማም ከእኔ በታች ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ሰርግም ለቅሶም አይሄዱም። ጠዋት ጠዋት ወተት የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ሰርጉ ላይ አልነበሩም። ሥጋውን አልቀመሱም፣ ቀሪቦውን አልጠጡም። ከዚያ ሰርግ ጋር የሚያገናኛቸው የእኔ ወተት ብቻ ነው።

ደርሼ ሳያቸው በቃሬዛ ሊያወጧቸው ነበር። እጃቸውን ያዝኩ፤ ቆዳቸው ቢቆነጥጡት የማይመለስ ሆኗል።

«ሉባባዬ» አሉኝ ከንፈራቸው ደርቆ፣ «ዛሬ ወተቱን ሳልጨርሰው ቀረሁ፣ አትቆጪኝ።»

ወደ ቤቴ እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። ሰው ሲከስሰኝ ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን ግን ራሴን ፈራሁ። ዕቃውን በደንብ አላጠብኩት ይሆን? ላሚቷ ታማ ይሆን? የማታውን ወተት አልቤ ጨረስኩና ሁሉንም መሬት ላይ ደፋሁት። ከባሌ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ወተት ደፍቼ አላውቅም። መሬቱ ነጭ ሆኖ ሲጠጣው ቆሜ አየሁ።

በማግስቱ የጤና ኬላው ግቢ በሰው ሞላ። ከጥግ ቆምኩ። ሊቀመንበሩ ስሞታውን ካነበበ በኋላ ሃያት ፈቃድ ጠይቃ ተነሳች።

«የእትዬ ሉባባን እርጎ የጠጣችሁ እጃችሁን አንሱ።»

ያነሱት ወንዶች፣ ያውም ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱ ሐጂ ሁለት እጃቸውን አነሱ።

«ሐጂ፣ ሁለት እጅ ምንድነው?»

«የጎረቤቴንም ዋንጫ እኔ ስለጠጣሁት ነው። አላህ ይይልኝ፣ ይኸው ቆሜያለሁ፣ ሆዴም ደህና ነው።» ሕዝቡ ሳቀ።

«እርጎውን ጠጥታችሁ የታመማችሁ አላችሁ?» ማንም የለም። «እርጎውን የጠጣች ሴት አለች?»

«ለሴት መቼ ተረፈና!» አለች አንዷ ከኋላ።

ሃያት ሰዉ ራሱ እንዲያስበው ተወችው። እርጎውን የጠጡት ደህና ናቸው። የታመሙት ደግሞ ዋንጫውን ያልነኩት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ጉርምርምታው ሲለወጥ ተሰማኝ። በዚህ መሃል መሬማ ተነሳች።

«እሺ፣ አባ ይማምስ? ሰርግ አልሄዱ፣ ቀሪቦ አልጠጡ። የሚጠጡት የእሷን ወተት ነው! ይህንን መልሺልኝ!»

ሃያት አልዋሸችም። «ይህን ገና መመለስ አልችልም። አባ ይማም ለመናገር አቅም አልነበራቸውም። ግን ሴቶቹ ከወንዶቹ የሚለዩት በመጠጡ በርሜል ብቻ ነው። እትዬ መሬማ፣ ቀሪቦው በምን ውሃ ተሠራ?»

«ከከሚሴ በባጃጅ ባስመጣሁት የቧንቧ ውሃ! ልጄን በጉድጓድ ውሃ የምድር ደሃ መስዬሻለሁ?»

በቅን ነበር የተናገረችው፤ ፊቷን አውቀዋለሁ። የምታውቀው ይህን ብቻ ነው። እኔ ግን የማውቀው ሌላ ነበር፤ «ጉድጓድ» የሚለውን ቃል ከአፏ ስሰማ ሁሉም በአንዴ ተገጣጠመልኝ። ቢጫዎቹ ጀሪካኖች። ቁልቁል የሚወርደው መንገድ። ያ አሮጌ ጉድጓድ ከአባ ይማም ጎጆ ሥር ነው። ቦኖው ከተበላሸ ጀምሮ እኒያ ጉልበት የሌላቸው ሽማግሌ ከሌላ ከየት ይቀዳሉ? እኔ ወተት አደርስላቸዋለሁ እንጂ ውሃ አድርሼላቸው አላውቅም።

አሁን አንባቢዎቼ፣ «ታዲያ ተነሺና ተናገሪ፣ ስምሽ የሚጸዳበት ነው» ትሉኝ ይሆናል። ለእናንተ ቀላል ነው። እኔ ግን ከተናገርኩ «ከየት አየሽ?» ይሉኛል። ባልተጠራሁበት ሰርግ ቀኑን ሙሉ ከአጥር ጀርባ ቆሜ መዋሌን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያን ያህል ዓመት «ግድ የለኝም» ስል የኖርኩት ውሸት መሆኑን መሬማ ታውቃለች። ከዚህ ይልቅ ላሞቼን ነድቼ መሄድ ይቀለኝ ነበር። ግን ያ ጉድጓድ ዛሬም ክፍት ነው። ዛሬ ጠዋትም ሰው ቀድቶበት ይሆናል።

«ከጉድጓዱ ነው» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ሊቀመንበሩ «ምን አሉ?» አለኝ።

«የሴቶቹ ቀሪቦ ከዙሁር በኋላ አለቀ። የተጨመረበት ውሃ ከታች ካለው አሮጌ ጉድጓድ የተቀዳ ነው። የወንዶቹ በርሜል አልተነካም። አባ ይማምም የሚጠጡት ከዚያው ነው፤ ሌላ ውሃ የላቸውም።»

መሬማ ወደ እኔ መጣች። «አንቺ ደግሞ ከየት አየሽ? ማን ጠርቶሽ?»

«ማንም አልጠራኝም። ከቅንጭቡ ጀርባ ሆኜ ነው ያየሁት።»

አንድ ሰው ሳቀ። «ቀኑን ሙሉ?» አለች መሬማ።

«ቀኑን ሙሉ። ሙሽራዋ ስትገባም ነበርኩ። እልል ብያለሁ፣ በሆዴ።»

ከሴቶቹ መሃል ልቅሶ ተሰማ፤ ፋጤ ነበረች። «እውነቷን ነው። እኔ ነኝ የቀዳሁት። መሬማ አታውቅም። በባቲ ሰዎች ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው። ወላሂ፣ ውሃው ጥሩ መስሎኝ ነው።»

መሬማ ወደ ፋጤ ዞረች። ሃያት ግን ወዲያው ፋጤን አቀፈቻት። «አብሽሪ። ጥፋተኛ አይደለም የምንፈልገው፤ በሽታው የመጣበትን መንገድ ነው። አሁን አገኘነው» አለች።

ከስብሰባው ሁላችንም ወደ ጉድጓዱ ወረድን። የጎርፉ ምልክት ከአፉ በላይ አልፎ ይታያል። ከበላዩ ባለው ተዳፋት የአንድ ቤት መጸዳጃ በጎርፉ ተንዷል፤ ወዴት እንደፈሰሰ ለማየት ትምህርት አያስፈልግም። ሃያት ናሙና ቀድታ በጠርሙስ ያዘች። ሊቀመንበሩ «እንግዲህ ውጤቱን እንጠብቅ» ሲል፣ «ጠርሙሱ ይጠብቅ፤ ሰው አይጠብቅም። ጉድጓዱን አሁን እንዝጋው» አለችው። ወንዶቹ ግንድና ድንጋይ አምጥተው ዘጉት። ለየቤቱ ውሃ ማከሚያ መድኃኒት ታደለ፤ ከመጸዳጃ መልስ፣ ልጅ ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከመንካት በፊት በሳሙና መታጠብ እንዳለብን ተነገረን። ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላ አዳዲሶቹ ታማሚዎች እያነሱ ሄደው ቆሙ። ኋላ የናሙናው ውጤት መጥቶ ያንኑ ተናገረ። አልሃምዱሊላህ፣ አንድም ሰው አልሞተብንም። አባ ይማም ሲመለሱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ያ ያልጨረስኩት ወተት የት አለ?» የሚል ነበር። አሁን ውሃቸውንም የማደርስላቸው እኔ ነኝ።

ሃያት ከመሄዷ በፊት ልትሰናበተኝ መጣች። «ወተትዎ ነጻ ነው፣ አዴ። ግን ከእንግዲህ ሰው አፍልቶ እንዲጠጣው ይንገሩ፤ እርጎውንም ከፈላ ወተት ያርጉት።»

«አሁን ነጻ አውጥተሽኝ፣ አሁን ልትከስሺኝ?»

«ክስ አይደለም። ዛሬ አላሳመመም ማለት ነገም አያሳምም ማለት አይደለም። እኔ እስክመጣ ለምን ይጠብቃሉ? እኔ የምመጣው ሰው ከታመመ በኋላ ነው።»

ተናደድኩባት። እውነቷን ስለሆነ። ወተቱን ግን እስከ ዛሬ አፈላለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእኔ አንድ ነገር ውሰዱ። መከራ ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የሚጠላውን ሰው ነው። እኔም ብሆን ሥጋው ከመሬማ ቤት ስለሆነ ሥጋው ነው ብዬ ነበር በልቤ። ጥላቻ መልሱን አስቀድሞ ያውቃልና አይጠይቅም። ያቺ ልጅ ግን ጠየቀች፤ ያውም ደህና የሆነውን፣ ማንም የማይጠይቀውን። መሬማን ይቅር አልኳት አልልም። ያን የሐዘን ቀን የተናገረችውን እሷም አላነሳችው፣ እኔም አልረሳሁት። የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ።

ሙሽራዋ ድና ከገባች በኋላ፣ መሬማ አንድ ጠዋት በደጄ በር በኩል መጣች። በበሩ! ቆመች፤ ተቀመጪ አላልኳትም።

«የባቲ ዘመዶች ለቅልቅሉ ሊመጡ ነው» አለች።

«ይምጡ።»

«ሴቶቹ … ውሃው ሲፈላ ሉባባ ቆማ ካላየችው አንጠጣም ብለዋል።»

«ሴቶቹ ናቸው ያሉት? አንቺስ?»

ላሞቼን ስታይ ቆየች። «እኔም።»

«በየት በኩል ልግባ?»

«በበሩ ነዋ! በየት ልትገቢ ኖሯል?»

ሄድኩ። ጓሮ ውስጥ፣ ከትልቁ ብረት ድስት አጠገብ ወንበር አወጡልኝ። ውሃው እስኪንተከተክ አንዲትም ሴት ኩባያ እንድትነካ አልፈቀድኩም። ሙሽራዋ ራሷ ከፈላው ውሃ የተሠራውን ቀሪቦ ቀድታ ሰጠችኝና፣ «እማማ፣ መጀመሪያ አንቱ» አለችኝ። እየጠጣሁ ቀና ስል ዓይኔ ቅንጭቡ ላይ አረፈ። ከእኔ ግቢ ሲያዩት ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከዚህ በኩል ግን ፀሐዩ ከኋላው ሲመታው ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። እግሬ የረገጠው ሣር እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መሬማ አጠገቤ መጥታ፣ ወደማየው አየች።

«ያን ቀን ነጭ ሻሽሽን አስረሽ ነበር የቆምሽው» አለችኝ።